በኪሮሽ የሚሠራ የጉማሬ ትራስ

ትራስ ለሚያርፍ ሰው የራስ መደገፊያ የሚሆን ዕቃ ነው። ቃሉ «ርእስ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር የሥር ዝምድና ስላለው ተግባሩን በስሙ ይናገራል፤ «ተንተራሰ» የሚለው ግሥም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሰው በየሀገሩ የሚንተራሰው ነገር እንደ አየሩ ጠባይ፣ እንደ ኑሮው ሥርዓትና በአካባቢው እንደሚያገኘው ጥሬ ዕቃ ይለያያል። አንዱ ጥጥ ወይም ጭድ በከረጢት ሞልቶ ይንተራሳል፤ ሌላው እንጨት ጠርቦ ብርኩማ ይሠራል።

ባሮ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ በጋምቤላ ከተማ በኩል የሚወርድ ታላቅ ወንዝ ነው። ወደ ምዕራብ ከተጓዘ በኋላ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ የውኃ መንገድ ዳርና ዳር ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ የኑዌር ሕዝብ ነው። ኑዌሮች ከጥንት ጀምሮ የእንጨት ብርኩማ ይንተራሱ ነበር፤ ብርኩማው በጥንቃቄ የተበጀው ጠጉር በእንቅልፍ ጊዜ እንዳይበላሽ ይጠብቃል። ሠሪው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው በተፈጥሮው የተንሻፈፈና ቅርንጫፍ ያለው እንጨት ስለሆነ፣ ቅርንጫፎቹ እግር ሲሆኑለት ብርኩማው በአራት ወይም በሦስት እግሩ የቆመ እንስሳ ይመስላል። ልጆችም ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬና ላም እያበጁ ይጫወታሉ። ከዚህ ሌላ በደቡብ ሱዳን ሴቶች ዘንድ «ሚላያ» የሚባል የአልጋ ልብስ አለ። በላዩ አበባ፣ ወፍና እንስሳ በመርፌ ይጠለፍበታል፤ ጠርዙም ብዙ ጊዜ በኪሮሽ ይሠራል። እንግዲህ ማረፊያን በእንስሳ አምሳል መሥራትም ሆነ ክርን በኪሮሽ መሥራት ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚከተለው ማብራሪያ ሁለቱን በአንድነት አገናኝቶ፣ የባሮ ነዋሪ በሆነው በጉማሬ አምሳል ለስላሳ ትራስ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል።

ሀ. ኪሮሽ ምንድን ነው?

ኪሮሽ ጫፉ ትንሽ ቆልመም ያለ ዘንግ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ትንሽ መንጠቆ» ማለት ነው። በዚህ መሣሪያ የሚሠራውም ሥራ በዚሁ ስም ይጠራል። በሀገራችን በብዙ ቤት በወንበር ራስ፣ በጠረጴዛና በሬዲዮ ላይ ተነጥፎ የሚታየው ዳንቴል የኪሮሽ ሥራ ነው።

የኪሮሽ ሥራ ከሽመናም ከሹራብም ይለያል። ሸማኔ ድርን ወጥሮ በመካከሉ ማግ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከእጁ የሚወጣው ዝርግ ጨርቅ ነው። ሹራብ ሠሪ በሁለት ዘንግ ላይ ብዙ የክር ቀለበቶችን በአንድ ጊዜ ይይዛል። ኪሮሽ የሚሠራ ሰው ግን አንድ ዘንግ፣ አንድ ክርና አንድ ቀለበት ብቻ ይዞ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ሥራውን ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ማዞር፣ ማስፋትና ማጥበብ ይችላል። የጃፓን ሰዎች «አሚጉሩሚ» የሚሏቸው በጥጥ የተሞሉ ትንንሽ እንስሳት የሚሠሩት በዚህ ችሎታ ነው።

የኪሮሽ ሥራ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሆኖ አልኖረም። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ከባድ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ በየገዳማቱና በየትምህርት ቤቱ የኪሮሽ ዳንቴል የተማሩ ሴቶችና ልጃገረዶች የእጅ ሥራቸውን እየሸጡ ቤተሰቦቻቸውን ረድተዋል። መሣሪያው ርካሽ፣ ጥሬ ዕቃውም ቀላል ስለነበረ ድሀው ሊጀምረው ቻለ። ይህ ጠባዩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ለ. ጥልፍና ቍጥር

በኪሮሽ የሚሠራውን አንዱን የክር መያያዣ በዚህ ጽሑፍ «ጥልፍ» እንለዋለን። ጠለፈ፣ ተጠላለፈ፣ ጥልፍልፍ የሚሉት ቃላት ሁሉ አንድ ነገር ሌላውን መያዙን ያመለክታሉ፤ በኪሮሽ ሥራም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ጥልፍ እንዲህ ይሠራል። ኪሮሹ ከታች ባለው ጥልፍ ራስ ሥር ይገባል፤ ክሩንም ጠልፎ ያወጣል። በዚህ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበቶች ይገኛሉ። እንደገና ክሩን ጠልፎ በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ያሳልፋል፤ አንድ ቀለበት ብቻ ይቀራል። ይህ አንድ ጥልፍ ነው። የትራሱ አካል በሙሉ የሚሠራው ይህንኑ በመደጋገም ነው።

ድግግሞሽ ብቻውን ግን ቅርጽ አይሰጥም። ቅርጽን የሚሰጠው ቍጥር ነው። ሥራው ከትንሽ የክር ቀለበት ይጀምራል፤ በቀለበቱ ውስጥ 6 ጥልፍ ይሠራል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ጥልፍ ላይ ሁለት ሁለት ሲሠራ 12 ይሆናል። በሦስተኛው ዙር በአንዱ ጥልፍ ላይ አንድ፣ በሚቀጥለው ላይ ሁለት እየተደረገ 18 ይሆናል። በአራተኛው ሁለት ጥልፍ ነጠላ ተሠርቶ በሦስተኛው ላይ ሁለት ሲጨመር 24 ይደርሳል። በዚህ ዓይነት በየዙሩ 6 ጥልፍ ከተጨመረ ሥራው እንደ ሰፌድ ዝርግ ክብ ሆኖ ይሰፋል።

ስድስት የሆነበት ምክንያት በሂሳብ ትምህርት ይገኛል። የክብ ዙሪያ ርዝመት ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በ6.28 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ክቡ በአንድ ጥልፍ ቁመት በሰፋ ቍጥር ዙሪያው ከስድስት ጥልፍ ስፋት ጥቂት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ ጥልፍ ቁመትና ስፋት ተቀራራቢ ስለሆነ 6 መጨመር ይበቃዋል። ከ6 ያነሰ ቢጨመር ጠርዙ እየጠበበ እንደ ሙዳይ ይጎደጉዳል። ምንም ሳይጨመር ቢቀጥል ቀጥ ያለ በርሜል ይሆናል። ከ6 በጣም የበለጠ ቢጨመር ደግሞ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። ይህ የመጨረሻው ጠባይ ለሂሳብ ሊቃውንት እንኳ ጠቅሟል፤ የላትቪያ ተወላጅ የሆነችው ዳይና ታይሚና በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ በሥዕል ለማስረዳት አስቸጋሪ የሆነውን የተጨማደደ ገጽ ጂኦሜትሪ ለተማሪዎቿ በኪሮሽ ሠርታ አሳይታለች።

ስለዚህ እንስሳን በኪሮሽ መሥራት ማለት የእንስሳው አካል የት እንደሚሰፋ፣ የት እኩል እንደሚሄድና የት እንደሚጠብብ አስተውሎ፣ ያየውን ወደ ቍጥር መለወጥ ማለት ነው።

ሐ. ጉማሬን ማስተዋል

ለትራስ የሚስማማው እንስሳ ሁሉ አይደለም። በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በብዛት የሚገኘውና በየዓመቱ በደቡብ ሱዳንና በኢትዮጵያ መካከል የሚመላለሰው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ውብ እንስሳ ነው፤ ነገር ግን እግሩ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ የራስ ክብደት አይችልም። አዞ ለረጅም ትራስ ይሆናል፤ የጀርባውን ቅርፊት ማውጣት ግን ለጀማሪ ይከብዳል። ጉማሬ ግን ሰውነቱ ድቡልቡል፣ እግሩ አጭርና ወፍራም ስለሆነ ለትራስ የተመቸ ነው።

ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። አፍንጫው፣ ዓይኑና ጆሮው በራሱ የላይኛው ክፍል ላይ ስለሚገኙ፣ ሌላው አካሉ በውኃ ተሸፍኖ ሳለ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ብቅ ይላሉ። የአፉ አካባቢ ከግንባሩ ይልቅ ሰፊ ነው። ጆሮው ለግዙፍነቱ ትንሽ ነው፤ በእያንዳንዱ እግሩ አራት ጣቶች አሉት። ጅራቱ አጭር ነው። ቆዳው ግራጫ ሆኖ በዓይኑና በጆሮው ዙሪያ ወደ ሮዝ ያደላል። በቀድሞ ዘመን ከቆዳው አለንጋ ይሠራ ስለነበር አለንጋው ራሱ «ጉማሬ» ይባል ነበር። ሕያው ጉማሬ ሰውን የሚገድል ኃይለኛ አውሬ ስለሆነ፣ ለሥራው ሲባል ወደ ወንዙ ዳር ቀርቦ ማጥናት አይገባም፤ ከሩቅ ማየት ወይም ፎቶግራፍ መመልከት ይበቃል።

መ. አስፈላጊ ዕቃዎች

ለሥራው ግራጫ የጥጥ ክር፣ ጥቂት ጥቁርና ሮዝ ክር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ኪሮሽ፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ወፍራም መርፌ፣ መቀስ፣ ሜትርና የተነደፈ ጥጥ ያስፈልጋሉ። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለሆነች በበጋ ወራት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ስለዚህ ላብን ከሚይዝ ሰው ሠራሽ ክር ይልቅ አየር የሚያስገባ የጥጥ ክር ይመረጣል። መሙያውም ፍሬው በሚገባ የተዳመጠለትና የተነደፈ ጥጥ ቢሆን መልካም ነው፤ ያልተነደፈ ጥጥ በአንድ ቦታ ተጓጉሎ ትራሱን ያጎረብጠዋል።

ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ መሞከሪያ ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ የተሰጡት ቍጥሮች በ10 ሳንቲሜትር ላይ 14 ጥልፍ ለሚያወጣ እጅ የተሰሉ ናቸው። ከዚህ የበለጠ ጥልፍ የሚያወጣ ሰው ትራሱ ያንስበታል፤ ያነሰ የሚያወጣ ደግሞ ይተልቅበታል። በጥልፎቹ መካከል ክፍተት ከታየ ጥጡ እንዳይወጣ ቀጠን ያለ ኪሮሽ መያዝ ያስፈልጋል።

ሠ. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ አካሉ ይሠራል። ከ6 ጥልፍ ተነሥቶ በየዙሩ 6 እየተጨመረ እስከ 18ኛው ዙር ሲደረስ 108 ጥልፍ ይሆናል። የየዙሩ መጀመሪያ እንዳይጠፋ ቀለሙ የተለየ ብጣሽ ክር ምልክት ይደረግበታል። ጭማሪው ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ ከዋለ ክቡ ስድስት ማዕዘን ያወጣል፤ ስለዚህ የሚጨመርበትን ቦታ በየዙሩ ጥቂት ማዛወር ይገባል። ከዚያ በኋላ ምንም ሳይጨመርና ሳይቀነስ 24 ዙር ይሠራል። በዚህ ጊዜ ዙሪያው 77 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ በርሜል መልክ ይወጣል።

ቀጥሎ መቀነስ ይጀመራል። ለመቀነስ ኪሮሹ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ጥልፎች አንዳንድ ቀለበት ያወጣል፤ በኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበቶች ሲሆኑ ክሩ በሦስቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ያልፋል። ሁለቱ ጥልፎች አንድ ሆኑ ማለት ነው። በየዙሩ 6 እየተቀነሰ ከ12 ዙር በኋላ 36 ጥልፍ ይቀራል። ቀሪው ቀዳዳ አይዘጋም፤ ጥጥ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ነው። በጠባቡ የቀዳዳ ጠርዝ ዙሪያ በኪሮሽ የተሠራ ጠንካራ ገመድ ይሰካበታል። ገመዱ ሲሳብ ቀዳዳው ይሰበሰባል፤ ታስሮ የተረፈው ጫፍ የጉማሬው ጅራት ይሆናል።

ሦስተኛው ሥራ ራሱን መሥራት ነው። ሥራው ከአፉ ይጀምራል። በ10 ዙር 60 ጥልፍ ይደረሳል፤ 8 ዙር በእኩልነት ይሠራል። ከዚያም በሁለት ዙር ወደ 48 ይቀነሳል። አፉ ከግንባሩ ሰፍቶ የሚታየው በዚህ ቅነሳ ነው። በ48 ጥልፍ 10 ዙር ከተሠራ በኋላ ራሱ በጥጥ ተሞልቶ ሥራው በተጀመረበት በአካሉ የፊት ጫፍ ላይ በመርፌ ይሰፋል።

አራተኛ፣ እግሮቹ አንድ በአንድ ይሠራሉ። እያንዳንዱ እግር በ4 ዙር 24 ጥልፍ ደርሶ 6 ዙር በእኩልነት ይሄዳል፤ ተሞልቶም ከአካሉ ሥር ይሰፋል። በጫፉ ላይ በሮዝ ክር አራት ጣቶች ይጠለፋሉ። እያንዳንዱ ጆሮ ከ6 ወደ 12 ጥልፍ ከፍ ብሎ በ12 ጥልፍ 3 ዙር ብቻ ይሠራል። ጆሮዎቹ ሲሰፉ ከዓይኑ ብዙ ርቀው ወደ ኋላ መሄድ የለባቸውም። አፍንጫ፣ ዓይንና ጆሮ በአንድ የውኃ ልክ ላይ እንዲገኙ ሆነው ከተቀመጡ፣ ሥራው ያለ ጽሕፈት ጉማሬ መሆኑ ይታወቃል። ወደ ታች ከወረዱ ግን አሳማ ይመስላል።

ረ. ስለ ጥንቃቄ

ዓይኑን ከአዝራር ወይም ከዶቃ መሥራት ቀላል ይመስላል። ሆኖም ትንሽ ልጅ አዝራሩን ነቅሎ ሊውጠውና ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ዓይኑም የአፍንጫው ቀዳዳም በጥቁር ክር ይጠለፋሉ። የጅራቱ ገመድ አጭር መሆን አለበት፤ ረጅም ገመድ በሕፃን አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላልና። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በሚተኛበት ስፍራ ግን ይህን ትራስም ሆነ ሌላ ለስላሳ አሻንጉሊት ፈጽሞ ማኖር አይገባም፤ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል።

በክረምት ወራት እርጥበት ስለሚበዛ ጥጡ ሊሻግት ይችላል። በዚህ ጊዜ ገመዱ ይፈታል፤ የአካሉ ጥጥ ወጥቶ ፀሐይ ይመታል። ልባሱ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ በዝርግ ነገር ላይ ይሰጣል። በገመድ ላይ ከተንጠለጠለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል።

ሰ. የድካሙ ዋጋ

ትራሱ ተሠርቶ ሲያልቅ አካሉ 4,446፣ ራሱ 1,392፣ አራቱ እግሮች 816፣ ሁለቱ ጆሮዎች 108 ጥልፍ ይሆናሉ፤ ድምሩ 6,762 ነው። በደቂቃ 12 ጥልፍ የሚሠራ ሰው መስፋቱንና መሙላቱን ሳይጨምር 9 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ክሩንም አስቀድሞ መገመት ይቻላል። 20 ጥልፍ ተሠርቶ ይፈታና ክሩ ይለካል። 80 ሳንቲሜትር ቢሆን ለአንድ ጥልፍ 4 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ለጠቅላላው ሥራ 270 ሜትር ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ትራሱን ሠርቶ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው። ብዙ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች የክሩን ዋጋ ብቻ ቆጥረው ጥቂት ብር ጨምረው ይሸጣሉ። ገዢውም ዕቃውን በፋብሪካ ከተሠራ አሻንጉሊት ጋር እያስተያየ ይከራከራል። ነገር ግን የዳንቴል መልክ የሚያወጡ መኪናዎች ቢኖሩም፣ የኪሮሽን ጥልፍ በሰው እጅ ፈንታ እየሠራ ለገበያ የሚያቀርብ ፋብሪካ የለም። በእውነተኛ የኪሮሽ ዕቃ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ጥልፍ በሰው እጅ ያለፈ ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚተምን ሰው የክሩን፣ የጥጡንና የሰዓቱን ሒሳብ ለየብቻ ጽፎ መደመር ይገባዋል። ሰዓቱን ያልቆጠረ ሠሪ ክሩን ሸጠ እንጂ ሥራውን አልሸጠም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አንድ ጥልፍ ብቻውን ሲሳብ የሚፈታ ደካማ ነገር ነው። 6,762 ጥልፎች በቍጥርና በሥርዓት ሲያያዙ ግን የባሮን ግዙፍ እንስሳ አምሳል ያቆማሉ፤ የደከመውንም ራስ ይሸከማሉ። ጉማሬውን ሠርቶ የጨረሰ ተማሪ ሌላ እንስሳ ለመሥራት የሌላ ሰው ቍጥር መጠበቅ አያስፈልገውም። ዓሣም ይሁን ኤሊ አስቀድሞ ሰፊውን፣ እኩሉንና ጠባቡን ስፍራ አስተውሎ በወረቀት ላይ ይሣል፤ በእያንዳንዱ ስፍራ ስንት ጥልፍ እንደሚሆን ያስላ፤ ከዚያም ኪሮሹን ያንሣ።